ሽታው ለምን ተመለሰ? አጎቴ ያረፉበትን ክፍል ስላጸዱልን ሁለት ድርጅቶች

አጎቴን ያገኘናቸው በስድስተኛው ቀን ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እሑድ ቅዳሴ አልመጡም፣ ስልክ አላነሱም፣ እህታቸው እትዬ "ሂድና እያቸው እስቲ" አሉኝ። ሐምሌ ነበር። የመብራት ሒሳብ እንዳይቆጥርባቸው ኤሲውን አጥፍተውት ነበር። በሩ ጋ ስደርስ አወቅሁ። ሳልከፍት 911 ደወልኩ።

ፖሊስ መጣ፣ ቀጥሎ የሜዲካል ኤግዛሚነር (የሞት ምክንያት የሚመረምረው የመንግሥት ሐኪም) ሰዎች መጡ። የተፈጥሮ ሞት ነው ተባለ። አስከሬኑን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ፖሊሱ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና "ቤቱን መረከብ ትችላለህ" ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ የሆነ የመንግሥት ክፍል መጥቶ የሚያጸዳ መስሎኝ ነበር። የለም። ፖሊስም ሜዲካል ኤግዛሚነርም አያጸዱም። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ምንጣፉ፣ ወለሉ፣ ሁሉም የቤተሰብ ጣጣ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ሳምንት ሌሊት ተኝቼ በስልኬ በአማርኛ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፈው።

የድርጅቶቹን ስም አላስቀምጥም። አንባቢው ዳላስም ሲያትልም አትላንታም ሊሆን ይችላል፣ የኛ ሰፈር ድርጅት ስም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ጥሩው ምን እንደሚሠራ፣ መጥፎው ምን እንደሚያደርግ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ስለ ለቅሶ ቤቱ። ገና መርዶው እንደተነገረ ሦስት እናቶች ጓንትና በረኪና ይዘው መጡ። "እኛ እያለን ለባዕድ ምን ተብሎ ይከፈላል? እኛ እናጥበዋለን።" ከልባቸው ነው። አገር ቤት ቢሆን ይህ ክብር ነው፣ ሟችን የሚያጥበው የራሱ ሰው ነው። እኔም እሺ ልላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ጋሼ በሽታው ነበረባቸው ማለቴ አይደለም። ግን ማን መርምሯቸው ያውቃል? ደግሞ አንዷ በረኪናውን ከመስታወት ማጽጃ ጋር ቀላቅላ ልትጠቀም ነበር። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋርም እንደዚያው ነው። መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። እናቶቻችንን እዚያ ክፍል አታስገቧቸው። ለቅሶ ቤት የሚሠራ ሥራ ሞልቷል።

ወደ መጀመሪያው ድርጅት ልምጣ። ምንጣፍ የሚያጥቡ ናቸው። "የሞት ሽታም እናጠፋለን" ይላል ማስታወቂያቸው። በስልክ ዋጋ ነገሩኝ፣ 900 ዶላር። ረከሰልኝ። ሁለት ልጆች መጡ፣ ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ወጡ (የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ይህ ራሱ ያሳፍረኛል)፣ ምንጣፉን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጠቡት፣ ከዚያ የኦዞን ማሽን (ሽታ ያጠፋል የሚባል ጋዝ የሚያወጣ) አብርተው በሩን ዘግተው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን መጥተው ማሽኑን ወሰዱ። ሽታ የለም። ከፈልኩ። እትዬን ደውዬ አጽናናኋቸው።

ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ፣ ቤቱ ወበቀ፣ ሽታው ተመለሰ። እንዲያውም ሳሎን ድረስ ወጣ። ብደውልላቸው "ሌላ ዙር ኦዞን እንጨምርልህ፣ 400 ዶላር" አሉኝ።

ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። አዲስ አበባ ናት፣ ያደገችው ግን ገጠር ነው። ነገሩን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለች፦ "ልጄ፣ ምንጣፉን አጠቡት ነው የምትለኝ? እኛ ጋ ወለሉ አፈር ቢሆን አፈሩን ፍቀን አውጥተን፣ ጥለን፣ እንደገና በእበት እንለቀልቀው ነበር እንጂ አፈር ይታጠባል?"

ነገሩ ይኸው ነው። ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ፣ ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ጂፕሰም ግድግዳ፣ ያልተቀባ እንጨት፣ እነዚህ ሁሉ ይጠጣሉ። የጠጣ ነገር ላዩን ቢታጠብ ውስጡ ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ያፈሰሱት ሙቅ ውሃ ፈሳሹን ወደ ስፖንጁ፣ ከስፖንጁ ወደ ኮምፔንሳቶው ገፋው። እኔ ከፍዬ አባባስኩት። ኦዞን ደግሞ አየሩ ላይ ያለውን ሽታ ይነካል፣ ምንጩን አያወጣም። ምንጩ እዚያው እስካለ ድረስ ሙቀትና እርጥበት በመጣ ቁጥር ሽታው ይነሣል። ማሽኑ ለሳንባም ጥሩ አይደለም፣ ሲሠራ ሰው መግባት የለበትም፣ ከኛዎቹ ግን ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛውን ድርጅት የነገረችኝ ሥራ ቦታ የማውቃት ነርስ ናት። ሥራቸው ይህ ብቻ ነው፣ ሰው የሞተበት ቤት። በስልክ ዋጋ አንናገርም አሉኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ ገባኝ። ሳያዩ ዋጋ የሚነግር ሰው ወለሉን ሊከፍት አላሰበም ማለት ነው።

በማግሥቱ የቡድኑ አለቃ መጣ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ከመግባቱ በፊት "ስለ አጎትህ አዝናለሁ፣ ስማቸው ማን ነበር?" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንዴም "ሬሳው" ወይም "ቦታው" ሲል አልሰማሁትም፣ በስማቸው ነው የጠራቸው። ልብሱን ለበሰ፣ ጭምብሉን አጠለቀ፣ ገባ። እኔን በር ላይ አቆመኝ። በፒንሳ የምንጣፉን ጥግ ይዞ ወደ ኋላ ገለበጠው። ምንጣፉ ላይ ይታይ የነበረው የታጠበ ክብ የእጅ መዳፍ አያክልም። ሥሩ ስፖንጁ ላይ ያለው ግን የእንጀራ ምጣድ ያክላል። ስፖንጁን ሲያነሣው ኮምፔንሳቶው ላይም እንደዚያው፣ ከምጣዱም ሰፋ ብሎ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እስከ ግድግዳው ሄዷል። ዞኮሎውን በካቻቢቴ ነቅሎ ከኋላ ያለውን ጂፕሰም አሳየኝ። እርጥበቱ ልክ እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ስቦታል፣ አራት ጣት ያህል። በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያሳምነኝ አላስፈለገውም።

ቤቱ የተሠራው 1966 ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ከመቁረጣቸው በፊት ናሙና ወስደው አስቤስቶስ (ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) እንዳለው ለማወቅ ላቦራቶሪ ላኩ። የዚያ ዘመን ቤት የጂፕሰም ማያያዣም የወለል ንጣፍም አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሲቆረጥ ደግሞ አቧራው ይበናል። ውጤቱ በማግሥቱ መጣ፣ የለውም። አንድ ቀን ጠበቅን፣ ግን ይህን የማይጠይቅ ድርጅት የድሮ ቤት ላይ መጋዝ እንዲያነሣ አትፍቀዱለት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ኮሪደሩን በወፍራም ላስቲክና በፕላስተር ከፋፈሉት። አንዱ ክፍል የቆሸሸው፣ አንዱ ልብስ የሚያወልቁበት፣ አንዱ ንጹሕ። የመኝታ ቤቱን አየር በማጣሪያ እየሳበ ወደ ውጪ የሚያወጣ ማሽን አቆሙ፣ አየሩ ወደ ሳሎን እንዳይመጣ። ምንጣፉን መጀመሪያ ተሕዋስ የሚገድል መድኃኒት ረጩበት፣ አቧራ እንዳይነሣ። ከዚያ በቢላ በቀጭን በቀጭን ቆርጠው ወደ ውስጥ እየጠቀለሉ ቀይ ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉን ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ ላይ የባዮሃዛርድ (በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል ነገር) ምልክት። ስፖንጁም እንዲሁ። ጂፕሰሙን ከርጥበቱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ቆረጡት፣ ከኋላው ያለውን የሙቀት መከላከያ አወጡ። ኮምፔንሳቶውን እስከ ንጹሑ እንጨት ድረስ በመጋዝ አወጡት። ወለሉን የተሸከሙት ሞራሌዎች ሊወጡ አይችሉም፣ ቤቱን የያዙት እነሱ ናቸው። እነሱን ፋቋቸው፣ አጠቧቸው፣ መድኃኒት ቀብተው 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆኑ አቆዩአቸው፣ አደረቋቸው፣ ከዚያ ሽታ በሚያግድ ቅብ፣ በሼላክ ፕራይመር ሸፈኗቸው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር። ማጽዳትና ተሕዋስ መግደል ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ቆሻሻ ላይ የተረጨ መድኃኒት አቅሙን ያጣል። መጀመሪያ ታጥቦ፣ ከዚያ ይቀባል፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ረጭቶ ወዲያው የሚጠርግ ሰው ካያችሁ ሥራውን አያውቀውም። ይህ የሚሠራውም ለማይጠጣ ነገር ነው፦ ለሰድር፣ ለመስታወት፣ ለብረት። በረኪና እንጨት ላይ ብታፈሱ ውሃው ይገባል፣ ክሎሩ ላይ ይቀራል።

አሁን ልቤን የነካኝን ልንገራችሁ።

ውል ስንፈርም አለቃው "መጣል የሌለበት ነገር አለ? ፓስፖርት፣ የቤት ወረቀት፣ ወርቅ፣ ገንዘብ?" ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ፍራሹ ሄዷል፣ የአልጋው ሥር ሳጥን ግን ቀርቶ ነበር፣ ጨርቅ የለበሰው። በጨርቁም ጠጥቷል፣ መውጣት ነበረበት። ቀይ ፌስታል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስፌቱን በጣቱ እየተጫነ ዞረው። እግርጌ በኩል አንድ ጥግ በወፍራም ክር በእጅ የተሰፋ ነው። በቢላ ከፈተው። በፌስታል የተጠቀለለ ፖስታ ነው። ውስጡ የእድር ደረሰኞች፣ በየወሩ፣ በቀን ተደርድረው፣ ከነሱ ጋር 3,100 ዶላር። ፌስታሉ ደርቋል፣ ብሩ ንጹሕ ነው። አለቃው ከረዳቱ ፊት ቆጠረው፣ ፎቶ አነሣው፣ አስፈረመኝና ሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ይዘውት የወጡት ፍራሽ ውስጥ ምን እንደነበር አላውቅም። ይህ ሐሳብ አሁንም ይመላለስብኛል።

ሁለተኛው ጋቢው ነው። ጋሼ የሚለብሱት ጋቢ እናታቸው የፈተሉት ነው። አልጋው ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ወንበር ላይ ወርውረውት ሄደዋል። እትዬ "ጋቢውን ብቻ፣ ጋቢውን ብቻ አምጡልኝ፣ እኔ አጥበዋለሁ" እያሉ ሁለት ቀን አለቀሱ። አለቃውን ለመንኩት። አልዋሸኝም። ድርና ማጉ ሙሉ በሙሉ የጠጣ ጥጥ ነው፣ እቤት ታጥቦ ሰው የሚለብሰው አይሆንም አለኝ። ግን ከሌላው ቆሻሻ ጋር አልጣለውም። ለብቻው አጠፈው፣ ለብቻው ፌስታል አደረገለት፣ እትዬ መጥተው ከላስቲኩ ወዲህ ቆመው እስኪሰናበቱ ካርቶኑን ሳይዘጋ ጠበቀ። እትዬ ጥለቱን አዩት። አማተቡ። ከዚያ "ይሁን" አሉ።

ሌላው ያመሰገንኩት የማይጣለውን አለመጣላቸው ነው። ብዙ ድርጅት የሚያስከፍለው በካርቶን ነው፣ ካርቶን በበዛ ቁጥር ሒሳቡ ይበዛል። ሳሎን ያለው ጀበና ሸክላ ነው፣ ሸክላም ይጠጣል፣ "ይጣላል ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ምን ነካው?" አለኝ። ምንም። አየር ብቻ። "እንግዲያው ይታጠብና ይቆያል።" ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉ ነጠላዎችና ሱፎችም እንዲሁ፣ ሁለቴ ታጥበው ሽታው ለቀቀ። የብራና ዳዊታቸው ሳሎን መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ደረቅ አየር ላይ ተከፍቶ ቆየ፣ አሁን እትዬ ጋ ነው። የሚጣለው የሚጠጣ ነገር ሁሉ አይደለም። የሚጠጣ ሆኖ ፈሳሹ የደረሰበት ነው። ይህን የማይለይ ድርጅት ወይ ያጎድላል ወይ ይዘርፋል።

አሁን ቅሬታዬ። ምድር ቤቱን አስቀድመው አላዩም። ወለሉን ከፍተው ሲጨርሱ ከሥር ያለው የቤዝመንት ኮርኒስ ላይ የብርቱካን ያህል ቢጫ ነጥብ ተገኘ። ለሱ ደግሞ አዲስ ናሙና፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ 1,100 ዶላር። ፈሳሹ ወለሉ ላይ ከደረሰ ከሥር ያለውን ክፍል ማየት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው፣ አለቃውም አምኖልኛል፣ ሒሳቡን ግን አልቀነሰም። ሌላው፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ወጣት ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ እየሳቀ ያወራ ነበር፣ እትዬ መኪና ውስጥ ሆነው እያዩት። አለቃው ወዲያው አስቆመው። ቢሆንም ተሰምቶኛል።

ደግሞ እወቁት፣ እነዚህ ሰዎች ያወጣሉ እንጂ መልሰው አይሠሩም። ጨርሰው ሲሄዱ መኝታ ቤቱ ወለሉ ክፍት፣ ግድግዳው እስከ ጉልበት የተቆረጠ ነው። አናጺ፣ ጂፕሰም ሠሪ፣ ቀለም ቀቢ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። የኛ የእድር አባል የሆነ ኮንትራክተር በዕቃው ዋጋ ብቻ ሠራልን። እናቶቹ ሊያግዙ የፈለጉት ጉልበት እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው። ቤቱ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ገብተው ሳህኑን፣ ልብሱን፣ መስኮቱን ሁሉ ያጸዱት እነሱ ናቸው።

ጠቅላላ ሒሳቡ 7,400 ዶላር ሆነ፣ ከኮርኒሱ ጋር። ብዙ ነው። የቤት ኢንሹራንሱ ግን አብዛኛውን ከፈለ፣ እኛ የጋሼን ዲደክተብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣውን) ብቻ ቻልን። ድርጅቱ ፎቶውንና ዝርዝሩን ለኢንሹራንሱ በቀጥታ ላከ። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ይህን ይሸፍናል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉ፣ ፎቶ ሳይነሣ ምንም ነገር አታስነሡ። የመጀመሪያውን 900 ዶላር ኢንሹራንሱ አልመለሰልንም፣ ምን እንደሠሩ የሚያሳይ ወረቀት ስላልሰጡን።

ወረቀት ስል፣ ሁለተኛዎቹ 14 ካርቶን ነው ያወጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹ የት እንደደረሱና እንዴት እንደተወገዱ የሚገልጽ ሰነድ በፖስታ ላኩልኝ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ወይ በከፍተኛ እንፋሎት ይቀቀላል ወይ ይቃጠላል፣ ጎዳና ዳር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይወረወርም። ቆሻሻ የሚሰበስበው ሠራተኛም የሰው ልጅ ነው።

ስትደውሉ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። ሠራተኞቻችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ቀርቦላቸዋል ወይ በሉ። የሠራተኛ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው ኦሻ በ1991 ባወጣው የደም ወለድ ተሕዋስ ደንብ አሠሪው በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ሥልጠናም እንዲሁ። ቆሻሻውን ማን ይወስደዋል፣ ሰነዱን ትሰጡኛላችሁ ወይ በሉ። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ እናንተ ይሻላችኋል፣ እዚያ በ1997 በወጣ ሕግ ይህን ሥራ የሚሠራ ድርጅት በስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፣ ስሙን ማጣራት ትችላላችሁ። ብዙ ሌላ ቦታ ላይ ግን ቫን ያለው ሁሉ "ባዮሃዛርድ" ብሎ ሊጽፍበት ይችላል፣ የኔም የመጀመሪያ ስህተት እሱ ነበር።

ተዝካሩን እዚያው ቤት አደረግነው። አዲሱ ወለል ላይ ቄጠማ አልነበረም፣ አረንጓዴ ሣር ከጓሮ አጭደን ጎዘጎዝን። እትዬ በጋሼ ጀበና ቡና አፈሉ፣ ዕጣን አጨሱ። ቀኑ ወበቅ ነበር፣ ዝናብ ዘንቦ ነበር። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አሸተትኩ። የቀለምና የእንጨት ሽታ ብቻ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለቤዝመንቱ ኮርኒስ ነው።